ወደ ምዕራብ የሚያየው መስኮት

መርሳ ከተማ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በርና መስኮት የምትሠራ ደብሪቱ የምትባል ሴት አለች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። የተወለደችው ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ፣ ከገበሬ ቤት ነው። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ወልድያ ወርዳ ብረታ ብረት ተማረች፤ ከክፍሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪዋን «ብየዳው እዚያ፣ እኔ እዚህ። መካከላችን ያለው አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ፊቴን የሚለበልበኝ በምን በኩል መጥቶ ነው?» ብላ ጠየቀችው። አስተማሪው ሳቀና «አንቺ መጀመሪያ ቀጥ አድርገሽ በይጂ፣ ሌላውን ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» አላት። ቀጥ አድርጎ መበየዱን በወሩ ቻለችበት። መጠየቁን ግን አልተወችም። በመርሳና በወልድያ መካከል ሚኒባስ የሚነዳው ባሏ አበባው «እሷ ጋ ቁጭ ብለህ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጣም፤ ብርጭቆው ለምን አላበው ብላ ትይዝሃለች» እያለ ለጓደኞቹ ያወራባታል።

ያም ሆኖ ሥራ ሲበዛ ጥያቄ ይረሳል። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ሁሉ የተሰበረ መስታወቱን ለማስቀየር ሲመጣ፣ እሷም እንደ ሌላው በያጅ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ወርዱ ስንት፣ ቁመቱ ስንት። መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ፣ በሩን ከስንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እንደሚመታው የሚያነሳ ደንበኛም ሠሪም አልነበረም። የላሜራ በር፣ የብረት መቃን፣ ሰፊ መስታወት ካለው ቤቱ ዘመናዊ ነው፤ በቃ።

በላይ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ ቤት የሠራው በዚያው ሰሞን ነው። ቤቱ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ አዙሯል። በላይ ደብሪቱን ያዘዛት የሳሎኑን ግድግዳ ግማሽ የሚያክል የመስታወት መስኮትና ጥቁር ቡናማ ቀለም የተቀባ የላሜራ በር ነበር።

«መኪናዬ ላይ ሆኜ ሳልፍ ከሩቅ እንዳየው ነው የምፈልገው» አላት። «ያ የኔ ቤት ነው እንድል።»

የተባለችውን ሠራች። አምሮ ወጣ። በላይም በዚያ ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ እያሰማ ያልፍ ጀመር።

ግንቦት ላይ የበላይ ሚስት ገነት ወደ ብየዳ ቤቱ መጣች። ገነት ልብስ ሰፊ ናት፤ ብርሃን ለማግኘት ብላ የስፌት መኪናዋን ያቆመችው ከዚያ ትልቅ መስኮት ሥር ነው። በክንዷ ያቀፈችውን ጨርቅ የደብሪቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ግን እጥፋቱን ተከትሎ በአንድ ጎኑ ነጥቶ ግራጫ መስሏል።

«መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነው እንዲህ የሆነው» አለች። «ይኼ ጨርቁ ነው፤ እኔን ደግሞ እይኝ። ከስምንት ሰዓት በኋላ እዚያ ቤት መቀመጥ አቅቶኛል። መኪናውን ስነካው ያቃጥለኛል። ቬንትሌተር ገዛን፤ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል፣ የሚነፋብኝ ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሥራዬን ተሸክሜ ጎረቤት ዛፍ ሥር እሄዳለሁ። ምንድን ነው የሠራሽልኝ?»

ደብሪቱ ደነገጠች። ባልሽ ያዘዘውን ነው ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«መጋረጃ የለሽም?»

«አለኝ እንጂ! ወፍራም፣ ጥቁር መጋረጃ። ዘግቼውም ያው ነው።»

«ዘግተሽውም?»

«ነገርኩሽ እኮ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጠበሰው።»

ደብሪቱ ጓንቷን አወለቀች። ፀሐይ የማይታይበት ክፍል በፀሐይ እንዴት ይሞቃል? ነገሩ ያዛት። ጀምራው የነበረውን የአጥር በር እንዳለ ትታ «ነይ እንሂድ» አለቻት።

ያን ቀን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ እስክትገባ ድረስ የገነት ሳሎን ውስጥ ዋለች። ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችበትም፤ እየዞረች ሁሉንም በመዳፏ ትነካ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስታወቱን ስትነካው ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ከመስታወቱ ወዲህ ያለው የሲሚንቶ ወለል ግን ያቃጥላል። መስታወቱ ሳይግል ወለሉ ጋለ። የመስኮቱን የብረት መቃን ስትነካ እጇን ሰበሰበች። ቡናማው የላሜራ በር ደግሞ ገና ሳትነካው፣ አንድ ስንዝር ሲቀራት፣ ሙቀቱ መዳፏን ተቀበላት።

ከዚያ መጋረጃውን ዘጋችና በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ክንዷን አስገባች።

«ገነት፣ ነይ እጅሽን እዚህ አስገቢ።»

ገነት አስገብታ ወዲያው አወጣች። «እሳት!»

«አየሽ፣ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ገብታለች። መጋረጃሽ ያገኛት ከገባች በኋላ ነው። ብርሃኗን ከለከለሽ፣ ሙቀቷ ግን ቤትሽ ውስጥ ቀረ።»

በረንዳው ላይ የበላይ መኪና አሮጌ ሸራ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው ከውጭ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰቀሉት። ገብተው ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ገነት አንገቷ ላይ ያሰረችውን ሻሽ ፈታች።

«ምኑ ነው የተለየው? ይኼም ጨርቅ፣ ያም ጨርቅ» አለች።

«ቦታው ነው የተለየው» አለች ደብሪቱ። ይህን ስትል ራሷም ገርሟት ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት መስኮት ስትሠራ ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ ማስቆም እንደሚቻል ማንም አልነገራትም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ሲሪንቃ በሚገኘው የእርሻ ምርምር የሚሠራ፣ የዝናብና የሙቀት መጠን የሚመዘግብ ዮናስ የሚባል ሰው ታውቃለች፤ የግቢውን በር የሠራችለት እሷ ናት። በማግስቱ በአበባው ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደችና የራሱ የሆኑ ሁለት ቴርሞሜትሮች ተዋሰችው።

«ለምንድን ነው?» አላት።

«ለመስኮት።»

ዮናስ ነገሩን ሰምቶ አልሳቀም። «አንዱን ውጭ ጥላ ሥር ስቀዪው። ሌላውን ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ ከማያርፍበት ቦታ። ፀሐይ ካረፈበት የክፍሉን ሳይሆን የፀሐይዋን ነው የሚነግርሽ። ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አንብቢው። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትለውጪ፤ ቤቱ ቢቀዘቅዝ የትኛው እንዳቀዘቀዘው አታውቂም።»

ገነት በደብተር መመዝገቡን ወደደችው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ትነሳለች፣ አንብባ ትጽፋለች። ውጭ ጥላው ሠላሳ ሦስት ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ መስታወቱ ምንም ሳይጋረድ ቤቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሆነ። በሌላ እንደዚያው በሞቀ ቀን፣ በመጋረጃው ሠላሳ ሰባት። ሸራው ከውጭ ሲሰቀል ሠላሳ አራት። ሁለቱም ሴቶች ደብተሩ ላይ አጎንብሰው ያቺን የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ብዙ ጊዜ አዩዋት። ያ ሁሉ ወፍራም ጨርቅ የሠራው ያቺን ያህል ብቻ ነበር።

ግን ሸራ መስኮት አይሆንም። ንፋስ ያንገላታዋል፣ ቤቱንም ያጨልማል። ደብሪቱ በአቅራቢያዋ ባለችው ግራና ከተማ ጋሽ ሙባረክ የሚባሉ ሽማግሌ አናጺ እንዳሉ ሰምታ በገበያ ቀን ወደዚያ ሄደች። ቤታቸው አባታቸው የሠሩት ወፍራም የጭቃ ቤት ነው። ቀትር ላይ ከመንገዱ ግለት ወደ ውስጥ ስትገባ ቅዝቃዜው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን ነካት።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ሙባረክ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ብረት የምትበይጂው ነሽ አይደል? ከእንጨት ሠሪ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ቤትዎ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ልጠይቅዎ ነው።»

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩዋት። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ የሚለኝ በሩን መቼ ነው በብረት የሚቀይሩት ነው።» ከዚያ ተነሱና መስኮቶቹን አሳዩዋት። ሁለት ናቸው፤ ትንንሾች፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ። ከውጭ በኩል ቀጫጭን ጣውላ ተጋድሞ የተደረደረበት የእንጨት መዝጊያ አላቸው። «ፀሐይ ከላይ ነው የምትመጣ፤ ንፋስ ግን አግድም ነው። ጣውላውን ወደ ታች አጋድሜ ስመታው ንፋሱ ያልፋል፣ ፀሐይዋ ውጭ ትቀራለች። ደግሞ ሉብናን ጠይቂያት፣ ሰዓቱን የምታውቀው እሷ ናት።»

ሚስታቸው ሉብና ከጓዳ ሆነው መለሱ። «ማለዳ እከፍተዋለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ እዘጋዋለሁ፣ አመሻሽ ላይ መልሼ እከፍተዋለሁ። የናንተ ሰዎች ሲሞቃቸው ይከፍታሉ፤ የውጩ ሙቀት እንዲገባ ነው እንዴ?»

ደብሪቱ ገነትን አሰበች፤ ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱን ወለል አድርጋ የምትከፍተው እኮ እንዲነፍስላት ብላ ነው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣባት።

«ጋሽ ሙባረክ፣ ከሰዓት በኋላስ? ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በአግድም ስትመጣ በጣውላዎቹ መካከል አታልፍም?»

«በየትኛው መስኮት?»

«ወደ ምዕራብ በሚያየው።»

«ወደ ምዕራብ?» አሉ ጋሽ ሙባረክ። «ወላሂ እኔ በምዕራብ በኩል መስኮት አውጥቼ አላውቅም። አባቴም አላወጣ። ለምን ብሎ?»

መልሱ ይኸው ነበር። የበላይ መስኮት ግን ወጥቷል፤ መስታወቱም ተገጥሟል። ሁለቱ ሸንጎ የተቀመጡ ይመስል ወለሉ ላይ በጠመኔ እየሳሉ ሲከራከሩ ዋሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ወጣላቸው፤ ጣውላዎቹ በምስማር ከሚመቱ፣ ጫፍና ጫፋቸው በብረት ዘንግ ላይ ተሰክተው እንዲዞሩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ይከፈታሉ፣ ዝቅ ስትል ወደ ታች ዞረው ይዘጋሉ። ጣውላውን እሳቸው ሊሠሩ፣ ዘንጉን እሷ ልትሠራ ተስማሙ።

በሩን ግን ደብሪቱ ብቻዋን ልትወጣው ፈለገች። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሙቀት የማያሳልፍ ከሆነ፣ በርም ወፍራም መሆን አለበት አለች። ሁለት ላሜራ አነባብራ፣ በመካከሉ የጤፍ ጭድ ጠቀጠቀችበት። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጋ በየደችው። ሰኔ ላይ ሲገጠም ገነት ከውስጥ በኩል ነክታው «አይሞቅም!» ብላ አጨበጨበች። ደብተሩም ሌላ አንድ ዲግሪ መውረዱን መሰከረ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ በሩ መሽተት ጀመረ። በላይ ከመንገድ ተመልሶ ገና ደፍ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ያዘ። በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደ።

«እኔ ቤት አሠራሁ እንጂ ጋጣ አሠራሁ?» አላት ሰው እየሰማ። «ተይ ያለሽ ሰው የለም? ምርምርሽን በራስሽ ቤት አታደርጊም?»

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። በሩን ነቅላ ወስዳ ስትከፍተው ጭዱ ጠቁሮ ሻግቷል፤ የላሜራው ውስጠኛ ፊትም ዝጎ ነበር። እንደ ሌላ ሰው ብትሆን ነገሩ በዚህ ባበቃ፤ ጭዱን ደፍታ፣ ላሜራውን ቀጥቅጣ ለሌላ ሥራ ታውለው ነበር። እሷ ግን ስታፍር ከቆየች በኋላ ውሃው በየት ገባ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳት። በሌላ ቀን ባዶውን በር አቁማ ከላይ በጆግ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ከኋላ ሆና ተመለከተች። በቁልፍ ቀዳዳው ገባ። በላይኛው ጠርዝ፣ ብየዳው መርፌ የምታህል ቀዳዳ በተወበት ቦታም ገባ። የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም፤ ከታች ጥርቅም አድርጋ የዘጋችው ራሷ ናት።

ሁለተኛውን በር ስትሠራ ከጭድ ይልቅ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም ሰበሰበች። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ልትበይደው ስትል ፎሙ ቀልጦ ጥቁር ጭስ ወጣና እያሳላት ወደ ውጭ ሮጠች። ስለዚህ የውስጡን ላሜራ በብሎን አሰረችው። የላይኛውን ጠርዝ በደንብ ዘጋች፣ ከታች ውሃ የሚወርድባቸው ሦስት ቀዳዳዎች ተወች፣ የቁልፉን ቀዳዳ ከዝናብ የሚከልል ትንሽ ክዳን ሠራችለት። ከውጭ ነጭ ቀለም ቀባችው።

መስከረም ላይ በሩና መዝጊያው ሲመጡ በላይ ቤት ነበር። እጁን አጣምሮ አያቸው።

«ነጭ በር? የወተት መሸጫ አስመሰልሽው።»

«መዳፍዎን ያሳርፉበት።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው፤ ፀሐይዋ በሩ ላይ ናት። በላይ እያቅማማ መዳፉን አሳረፈ። ከዚያ አጥሩን ዞሮ የጎረቤቱን ቡናማ በር ሊነካ ሄደ። ሲመለስ እጁን ሱሪው ላይ እያሻሸ ነበር።

«እሺ፣ በሩስ ይሁን» አለ። «መስኮቴን በእንጨት የሸፈንሽው ግን ምን ሊሆን ነው? ለማየት እኮ ነው ያሠራሁት።»

«የሚዘጋው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጠዋት ሲያልፉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ያዩታል።»

«ከሰዓት ሳልፍስ?»

«ከሰዓት ሲያልፉ ተዘግቶ ካዩት፣ ገነት ውስጥ ተቀምጣ እየሠራች ነው ማለት ነው።»

በላይ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ገነት አላየችውም፤ የብረት ዘንጉን እየገፋች ጣውላዎቹ እንዴት እንደሚዞሩ ትሞክር ነበር። ብርሃኑ በቀጫጭን መስመር ወለሉ ላይ ይሰፋል፣ ይጠባል። በላይ ገባና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «እስቲ እኔ ላዙረው» አለ።

በታኅሣሥ ደብሪቱ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ደጋ ወጣች። እናቷ ወይዘሮ እልፍነሽ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ደብሪቱ በገዛ እጇ የላሜራ በር ሠርታ፣ በአህያ አስጭና ወስዳ፣ የድሮውን የጽድ በር አስነቅላ ገጥማላቸው ነበር። ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መርቋታል። ሁልጊዜ ስትሄድ አስቀድማ መልእክት ትልካለች፤ የዚያን ጊዜ ግን ድንገት መኪና ስላገኘች ሳትልክ ሄደች። ቤቱ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች የእናቷ ጋቢ በገመድ ተሰቅሎበታል።

«እማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል። ጋቢውን ላናፍሰው ብዬ ነው።»

«ቤት ውስጥ ነው የሚናፈሰው?»

ደብሪቱ ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። ገና ረፋድ ነው፤ ከውስጥ በኩል ያለው የላሜራው ፊት ሙሉ በሙሉ በውሃ ጠብታ ተሸፍኗል። የቤቱ ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ያላበው ነው። የጋቢው ጫፍ ረጥቧል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ልጄ ደክማ የሠራችው በር አበረደኝ ብዬ?» አሉ እናቷ። «ስትመጪ አወርደዋለሁ፣ ስትሄጂ እሰቅለዋለሁ። ዛሬ ሳትልኪ መጣሽብኝ።»

ደብሪቱ ወደ ውጭ ወጥታ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዙራ ጥቂት ቆመች። አምስት ክረምት፣ አምስት ታኅሣሥ ቆጠረች። መርሳ ላይ ቤት የሚያጋየው በር እዚህ ላይ ቤት ያቀዘቅዛል፤ ያው ብረት ነው። ይህንን ለሰው ቤት ደብተር ይዛ ስትመረምር ስለ እናቷ ቤት አንድም ጊዜ አልጠየቀችም።

ስትመለስ ጧፍ ለኮሰች። በሩን ዘግታ፣ ቤቱ ደብዘዝ ሲል ነበልባሉን በመቃኑ ዙሪያ ቀስ እያደረገች አዞረችው። ከማጠፊያው ሥር ሲደርስ ነበልባሉ ጎበጠ። ከበሩ ሥር ሲደርስ ሊጠፋ ተንፈራገጠ። እናቷ ከመደቡ ተነሥተው ቀረቡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ንፋሱ በየት እንደሚገባ እያየሁ ነው።»

«ቆይ፣ እስቲ እኔ ልያዘው።» ጧፉን ተቀብለው መቃኑና ግድግዳው የሚገናኙበትን ቦታ ተከትለው ሄዱ። ከላይ በግራ በኩል ነበልባሉ ድንገት ወደ ፊታቸው ዞረ። «እይ! እይ! በዚህም ነው ለካ! ይህን ሁሉ ዓመት ማጅራቴን የሚመታኝ ከጣሪያ መስሎኝ። ንፋሱን በዓይኔ አየሁት እኮ።» እንደ ልጅ ሳቁ፤ ደብሪቱም አብራ ሳቀች።

ሁለት ቀን እዚያው ቆየች። የድሮው የጽድ በር ጓሮ ውስጥ የእንጨት መከመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ጣውላውን ፈትታ፣ ጠርባ፣ ከላሜራው በስተውስጥ በኩል በብሎን አሰረችው፤ ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ በመካከሉ ጣት የሚያህል ክፍተት ተወች። ወልድያ ወርዳ ከጎማ ጠጋኝ ቤት የመኪና ጎማ ውስጥ የሚገባውን ለስላሳ ላስቲክ አመጣችና በቀጭኑ ቆርጣ በሩ በሚያርፍበት የመቃን ፊት ሁሉ ለጠፈችው። ከበሩ ሥር ደፉን የሚልስ ሰፋ ያለ ላስቲክ አደረገችለት። የግድግዳውን ስንጥቅ እናቷ ራሳቸው ጭቃና ጭድ አቡክተው ሞሉት። ከጣሪያው ሥር ያለችውን ቡጢ የምታህል ቀዳዳም ሊሞሏት ሲሉ ደብሪቱ እጃቸውን ያዘች።

«እሷን ተያት፣ እማ። ከሰል ስታነጂ መውጫ ያስፈልገዋል። ብርዱን እንጂ አየሩን አይደለም የምንዘጋው።»

በጥር ለጥምቀት ስትመለስ፣ አሁንም ሳትልክ ነው የሄደችው። ጋቢው እናቷ ትከሻ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የደብሪቱ አሠራር ተለወጠ። ደንበኛ መጥቶ ልክ ሲነግራት መጀመሪያ «ወደየት ነው የሚያየው? በስንት ሰዓት ነው ቤት የምትሆኑት?» ትላለች። አንዳንዱ ይሰለቻል፤ ትቷት ወደ ሌላ በያጅ የሄደም አለ። የሠራችውን ደግሞ ገጥማ አትተወውም። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በየቤቱ ትዞራለች። ከበሩ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫዎች በሽቦ ትጠርጋለች፣ የደረቀ ላስቲክ ትቀይራለች፣ መስታወቱን የያዘ የተሰነጠቀ ስቱኮ ፍቃ አዲስ ትሞላለች፣ ማጠፊያውን ዘይት ትቀባለች። ለገነት የጣውላውን ዘንግ አቧራ እንዴት እንደምትጠርግ አሳይታታለች። ገነትም በራሷ ያገኘችውን ነገረቻት። የመስኮቱን መስታወት በአራት ሰዓት ስትዘጋው፣ ቬንትሌተሩን እስከ ስምንት ሰዓት አትከፍተውም፤ አንዳንድ ቀን ከነጭራሹ ትረሳዋለች።

ባለፈው ጥቅምት ሲራክ የሚባል የወልድያ መምህር ደውሎ የአራት መስኮት ልክ ሰጣት።

«ግድግዳው ቆሟል?» አለችው።

«ኧረ ገና ነን። መሠረቱን ለመቆፈር በኖራ አስምረናል።»

«እንግዲያው አይቁፈሩ። ነገ እመጣለሁ።»

በማግስቱ በአበባው ሚኒባስ ሄደች። ቦታው ተዳፋት ላይ ነው፤ ነጩ የኖራ መስመር ሣሩ ላይ ክፍሎቹን ለይቶ ያሳያል። ሲራክ ስልኩን አውጥቶ ስለ ድርብ መስታወት ያነበበውን አሳያት፤ ሁለት መስታወት፣ በመካከሉ የታሸገ አየር።

«አንዴ ሞክሬዋለሁ» አለች። «ዳሩን አጥብቄ ማሸግ ስላቃተኝ በመካከሉ እርጥበት ገብቶ ጉም መሰለ። በደንብ የታሸገ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ እንዲያው በግምት የተሠራ ከሆነ ግን ይተውት። መጀመሪያ ላስቲኩና ስቱኮው ይጥበቅ፤ መስኮቱ በትክክለኛው በኩል ይውጣ። ትልቁ የታሰበው በየት በኩል ነው?»

«በዚህ» አለ ሲራክ ወደ ምዕራብ እያሳየ። «መንገዱ በዚህ ስለሆነ።»

የሲራክ ሚስት ማህሌት እስከዚያ ድረስ ዳር ቆማ ታዳምጥ ነበር። «ወልድያ እኮ መርሳ አይደለም» አለች። «እኛን ጠዋት ይበርደናል። እኔ ደግሞ ጠዋት ነው ከሕፃኑ ጋር ቤት የምሆነው።»

«ጠዋት ፀሐይዋ በየት በኩል ነው ግቢውን መጀመሪያ የምትነካው?» አለች ደብሪቱ።

ማህሌት አሰበች። ከዚያ በኖራው መስመር መካከል አልፋ ሄደች፤ ገና ያልተሠራውን ግድግዳ አቋርጣ፣ ገና ያልተሠራ ክፍል ውስጥ ቆመች፣ ፊቷንም ወደ ምሥራቅ አዞረች።

«በዚህ» አለች። «እዚህ ጋ ስቆም ልክ ዓይኔ ላይ ነው የምታርፈው።»

ሲራክ ወደ ሚስቱ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ ተመለከተ። በምዕራብ በኩል የትልቁን መስኮት ቦታ የሚያሳየውን ነጭ ምልክት በጫማው አሸት አሸት አድርጎ አጠፋው። ማህሌት የኖራውን ጣሳ አነሳች፤ ደብሪቱ ሜትሯን ዘረጋች።